የአስፋልቱ ኪራይ

ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው ሰው ማታ ደወለልኝ። ለዓመታት በአማርኛ ቃለ መጠይቅ እያዘጋጀ የሚለቅበት የኢንተርኔት ቻናል ጠዋት ሲነሳ የለም። ከቪዲዮ መድረኩ የመጣለት ኢሜይል ደንብ ጥሰሃል ይላል፤ የትኛውን ደንብ፣ በየትኛው ፕሮግራም፣ በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ግን አይናገርም። ይግባኝ የሚለውን ተጫነ። ሻዩን እንኳ ጠጥቶ ሳይጨርስ መልስ መጣለት፦ ውሳኔው ጸንቷል። «አንተ ድሮ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሠርተሃል» አለኝ። «እስቲ ንገረኝ፣ ማን ጋ ነው የሚኬደው? ሰው የለም እንዴ እዚያ ቤት?»

የምመልስለት አጣሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነበር። የዚያን ጊዜው ጠያቂ «የእኔን ለምን አጠፋችሁብኝ» ሳይሆን «የእነሱን ለምን አታጠፉልኝም» ነበር ያሉት።

ቴሌቪዥን ጣቢያ ሠርተሃል ያለው ወዳጄ አጋነነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ካውንቲዎች (የአካባቢ መስተዳድሮች) በአንዱ፣ ፐብሊክ አክሰስ በሚባለው፣ ለነዋሪው ሁሉ ክፍት በሆነው የኬብል ቻናል ላይ ለሚተላለፍ የአማርኛ ፕሮግራም በትርፍ ሰዓቴ ካሜራ እይዝና ኤዲት አደርግ ነበር፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ዘመን ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የኖረ ሰው ያስታውሰዋል። ሪሞቱን ይዞ ከቻናል ቻናል ሲዘል ድንገት አማርኛ ይሰማል። መብራቱ ደብዛዛ፣ ከጀርባ የፕላስቲክ አበባ፣ አቅራቢው ክራቫቱ አንቆ የያዘው። ከእኛ በፊት ኮሪያውያን ይዘምራሉ፤ ከእኛ በኋላ አንድ ፈረንጅ ብቻውን ተቀምጦ ስለ ንብ ማነብ ያወራል። ማን ፈቀደልን፣ ማን ይከፍልልናል ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። አሜሪካ ነው፣ ይቻላል፤ በቃ።

## ጋሼ ፖስታቸውን ይዘው

ከምርጫ 97 በኋላ የነበረውን የዲያስፖራ ድባብ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ተከፈለ፣ ማኅበር ተከፈለ፣ ዕቁብ ሳይቀር ተከፈለ። በእኛው ቻናል ላይ፣ በሌላ ምሽት፣ የሌላው ወገን ሰዎች ፕሮግራም ነበራቸው፤ ማን የትኛው ወገን እንደነበረ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። አንድ ምሽት የተከበሩ ሽማግሌዎችን በስም እየጠሩ ዘለፏቸው። ሦስት አባቶች ተሰብስበው መከሩ። ጣቢያውን የማውቀው እኔ ነኝና በመኪናዬ ይዣቸው እንድሄድ ተጠየቅሁ።

ከሦስቱ ተናጋሪው እኔ ጋሼ ብቻ እያልኩ የምጠራቸው ሰው ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሹም፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፕሮግራሙ የተቀዳበትን ካሴት በፖስታ አድርገው፣ ዘለፋው በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ በወረቀት አስፍረው መጡ። የጎደለው ማኅተም ብቻ ነበር።

የጣቢያዋ ኃላፊ፣ ጸጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት፣ ቆማ ተቀበለቻቸው፣ ወንበር ሰጠቻቸው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ከዚያ ድምጿን ሳታነሳ፣ ከመተላለፉ በፊት የማንንም ፕሮግራም ይዘት እንደማይመረምሩ ነገረቻቸው። ስማችን ጠፍቷል የምትሉ ከሆነ ፍርድ ቤት አለ፤ ኃላፊነቱን ፈርሞ የወሰደው አዘጋጁ ነው አለች።

«እንግዲያው የኬብሉን ኩባንያ እናነጋግራለን» አሉ ጋሼ።

«እነሱም አይችሉም። በይዘቱ እንዳይገቡ ሕግ ይከለክላቸዋል።»

«ካውንቲውስ?»

«ካውንቲውማ መንግሥት ነው፤ እሱ ጭራሽ አይችልም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ የዚህ ቤት አዛዥ ማን ነው?»

ሴትዮዋ ለዚህ መልስ አልሰጠችም። መሳቢያዋን ከፍታ ቅጽ አወጣች። የካውንቲው ነዋሪ መሆንዎን የሚያሳይ የመብራት ቢል ያመጣሉ፣ የካሜራና የስቱዲዮ ሥልጠና ይወስዳሉ፣ ከዚያ ተራዎን ጠብቀው የአየር ሰዓት ያገኛሉ። «እነሱን ማስወጣት አልችልም። እርስዎን ማስገባት ግን እችላለሁ» አለች።

ቅጹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ግን የተናቁ ያህል ነው የተሰማቸው። በመመለሻችን መኪናው ውስጥ ብዙ አልተወራም። ቤታቸው ልንደርስ ስንል ጋሼ «መንግሥት ያልገባበት ነገር መጨረሻው ይሄ ነው፤ ባለቤት የለው፣ ከልካይ የለው» አሉ። እኔ ግን የሴትዮዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር፦ ሕግ ይከለክላቸዋል። ሕግ ኩባንያውን ከከለከለው እኮ መንግሥት ገብቶበታል፤ ያውም እስከ አንገቱ።

## አየሩን ባይነካም

ያን ሰሞን ማንበብ ጀመርኩ። ኬብል ቴሌቪዥን ሲጀመር ፖለቲካ የሚባል ነገር አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች የአሜሪካን ነገር ሳነሳ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በፔንሲልቬንያና በኦሪገን፣ ተራራ ጋርዷቸው ቴሌቪዥን በማይዙ ከተሞች፣ ሰዎች ከፍታ ላይ አንቴና ተክለው ምልክቱን በሽቦ ወደየቤቱ ማውረድ ጀመሩ። አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ስዕል በማይታይበት ከተማ ቴሌቪዥን ማን ይገዛል?

ችግሩ የመጣው ተቆጣጣሪው ጋ ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ሰዎች ኤፍሲሲ የሚሉት፣ ሥልጣኑ የቆመው አየሩ ጠባብ ነው በሚል ሐሳብ ላይ ነበር። ሞገዱ ለሁሉም አይበቃም፣ ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ ዳኛ ያስፈልጋል። ኬብል ግን አየሩን አይነካም፤ ሽቦ ነው። ኮሚሽኑ ለዓመታት ሲያመነታ ቆይቶ በ1966 ኬብሉን ሁሉ በሥሩ አደረገ። በ1972 ደግሞ በትልልቅ ከተሞች ያሉ የኬብል ድርጅቶች ለሕዝብ፣ ለትምህርት ቤትና ለአካባቢ መስተዳድር ቻናል እንዲተዉ አዘዘ። ኩባንያዎቹ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 ኮሚሽኑን «ይህን ለማዘዝ ሥልጣን የለህም» አለው። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። በ1984 ግን ኮንግረሱ ሕግ አወጣ፣ ሬገን ፈረሙበት፤ ቻናል የመጠየቁ መብት ለከተሞችና ለካውንቲዎች ተሰጠ።

ለምን ለካውንቲ? እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን አጥፌ በመስኮት ወደ ውጭ ያየሁት። ሽቦው አየሩን ባይነካም መሬቱን ይነካል። የሚያልፈው በሕዝብ መንገድ ሥር ወይም በመንገዱ ዳር በቆመ ምሰሶ ላይ ነው። አስፋልቱ ሲቆፈር፣ የእግረኛ መንገዱ ሲፈርስ፣ ያ ቦታ የነዋሪው ነው። ስለዚህ ኩባንያው ከካውንቲው ጋር ፍራንቻይዝ የሚባል ውል ይፈርማል። ከኬብል ቴሌቪዥን አገልግሎት ከሚያገኘው ጠቅላላ ገቢ በዓመት እስከ 5 በመቶ ይከፍላል፤ ካውንቲው ከጠየቀ ቻናል ይለቃል። ሕጉ በለቀቀው ቻናል ላይ ደግሞ ኩባንያው በይዘት እንዳይገባ ይከለክለዋል። በ1992 ኮንግረሱ ኩባንያዎቹ በእነዚህ ቻናሎች ላይ ነውር የሚሉትን ፕሮግራም እንዲያግዱ ሊፈቅድላቸው ሞክሮ ነበር፤ በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፐብሊክ አክሰስን የሚመለከተውን ክፍል ሻረው።

እንግዲህ ያቺ የአማርኛ ሰዓታችን የማንም ቸርነት አልነበረችም። የአስፋልቱ ኪራይ ነበረች። ጋሼም፣ የሰደቧቸውም ሰዎች፣ ንብ አነቢውም በአንድ መንገድ የሚሄዱ የካውንቲ ነዋሪዎች ናቸውና ቻናሉን እንደ እድር ድንኳን በየተራ ይጠቀሙበታል። ድንኳኑን የወሰደ ሰው ከሥሩ ምን እንደሚያወራ የእድሩ ዳኛ አይጠይቅም።

ነፃ ነው ማለት ግን ልቅ ነው ማለት አይደለም። ማስታወቂያ ክልክል ነበር። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ለፕሮግራማችን ገንዘብ ሰጥቶን «ክትፎ ከነአይቡ በዚህ ዋጋ፣ አሁኑኑ ይደውሉ» የሚል አስገብተን ካሴቱ ተመለሰልን። ይህን ምግብ ቤት እናመሰግናለን ማለት ይቻላል፤ ዋጋና «ይደውሉ» ግን አይቻልም። ሰውየው እስከ ዛሬ ገንዘቤን በላችሁ ይላል። ማስታወቂያ የፈለጉት አዘጋጆች ከዚያው ከ1984ቱ ሕግ በወጣ ሌላ በር ገቡ፤ 36 እና ከዚያ በላይ ቻናል ያለው የኬብል ድርጅት ከቻናሎቹ የተወሰነውን ለተከራይ ማስቀመጥ ነበረበት። በሰዓት እየገዙ የጠበቃና የጉዞ ወኪል ማስታወቂያ ያስተላልፉ የነበሩት እነሱ ናቸው። ኤፍሲሲ በ2019 በሰዓት የማከራየቱን ግዴታ አነሳው፤ ብዙ ሰውም ልብ አላለውም።

## እባብ ያየ

ጋሼ ያን ቀን የተናገሩትን ለመረዳት ብዙ አልተቸገርኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ከአገር ይዘነው የመጣነው ተሞክሮ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ መንግሥት የሚያስተምረን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት የመንግሥት ነው፤ መንግሥቱ ሁለቴ ሲለወጥም የመንግሥት ነው። የብሮድካስት አዋጅ ራሱ የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ወጥቶም የግል ቴሌቪዥን በአገር ውስጥ ለማየት ብዙ ዓመት ተጠብቋል። ኢቢኤስ እንኳ ሲነሳ ከዚሁ ከእኛ ሰፈር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሳተላይት ነው የመጣው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት በሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ ጊዜ ጥላቻ ይሰብክ ከነበረው ከሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ስርጭቱ እንዲታፈን እንደሚፈቅዱ በአደባባይ ተናገሩ።

በዚህ ያለፈ ሰው ሁለት መልክ ብቻ ያውቃል፤ የሚዘጋ መንግሥት ወይም የሌለ መንግሥት። ጋሼ እዚያ ጣቢያ የገቡት የሚዘጋውን ፈልገው ነው፤ ሲያጡት የሌለ መሰላቸው። ሦስተኛው መልክ፣ በሩን ከፍቶ ራሱንም ባለሀብቱንም «እናንተ ወደ ውስጥ አትገቡም» የሚል መንግሥት፣ ለእኔም ቢሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ስም ያልነበረው ነገር ነበር።

አሜሪካን ላሞግስ አይደለም። እዚህም ቢሆን በሩ በየጊዜው ይገፋል። አየር ላይ ያሉ ጣቢያዎች አወዛጋቢ ጉዳይ ሲያነሱ ሌላውንም ወገን እንዲያሰሙ የሚያስገድደው ደንብ በ1969 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጸንቶ ነበር፤ በ1987 ኤፍሲሲው ራሱ ጣለው። በ2019 ደግሞ በኒውዮርክ ማንሃተን የፐብሊክ አክሰስ ጣቢያ ላይ በተነሳ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ተከፍሎ፣ ቻናሉን የሚያስተዳድረው የግል ድርጅት እስከሆነ ድረስ እንደ መንግሥት አይቆጠርም፣ የሕገ መንግሥቱ የንግግር ነፃነት አንቀጽም አያስረውም ብሎ ፈረደ። የዚያች ሴትዮ «አንመረምርም» የሚለው ቃል እንግዲህ ያኔ እንደመሰለኝ ከሕገ መንግሥት የወረደ አልነበረም። የቆመው በውሉና በጣቢያው ደንብ ላይ ነው። ውል ደግሞ ይታደሳል፣ ይቀየራልም።

ጋሼ ምን አደረጉ? ለጥቂት ሳምንታት አኩርፈው ቆይተው ቅጹን ሞሉት። ሥልጠናውን ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጠው ጨረሱ። ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር የሚያሰለች ፕሮግራም ነበር፤ ካሜራ የያዝኩት እኔ ነኝና እመሰክራለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ እሳቸውም አይንቀሳቀሱም። ግን የተሰደቡትን መለሱ፤ በስማቸው፣ በፊታቸው፣ በዚያው ቻናል ላይ። የሌላው ወገን ፕሮግራም በኋላ በራሱ ጊዜ ቆመ። የከለከለው ሰው የለም፤ አዘጋጁ ደክሞት ነው።

## ሳሩን አይተን

ከዚያ ሁላችንም ወደ ኢንተርኔት ሄድን። ማን ይፈርድብናል? ሥልጠና የለ፣ የመብራት ቢል የለ፣ ተራ የለ፣ ክትፎውም በዋጋው ይተዋወቃል። በአንድ ካውንቲ ተወስኖ የነበረው ፕሮግራም አዲስ አበባ፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ይታያል፤ ጥቂት ገንዘብም ያመጣል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ግን ደረሰብን። ወዳጄ ያን ማታ የጠየቀኝ ጥያቄ ገደሉ ነው። እዚያ ቤት ጸጉሯ የሸበተ ሴት የለችም። አይሆንም የሚል ሰው ቢጠፋ ምንም አይደለም፤ አይሆንም ያለበትን ምክንያት የሚናገር ሰው ጠፋ። ማንሳትም ማጥፋትም የሚችል አንድ አካል አለ፣ እሱ ደግሞ ለማንም ነዋሪ የፈረመው ውል የለም።

ሕግ አውጪዎች ስለ እነዚህ መድረኮች ሲያስቡ ቶሎ የሚታያቸው ማስወገድ ነው። በአገር ቤት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ መድረኮቹን ጥቆማ ሲደርሳቸው የተጠቆመውን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። ለምን እንደሚባል ይገባኛል፤ በቃላት የተነሳ ደም ሲፈስ ያየን ሕዝብ ነን። ግን ደንብ ማለት ማንሳት ብቻ ከሆነ ከጋሼ ፖስታ አንድ እርምጃ አልራቅንም። እኔ የ1984ቱ ሕግ እንዳለ ወደ ኢንተርኔት ይገልበጥ አልልም፤ እዚያ የጠበበ ሰዓት የለም፣ ሁሉም ሰው ቻናል አለው። ከኬብሉ የምመኘው ሰዓቱን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው፤ የተጻፈ ደንብ፣ ደንቡን የምታነብልህ ሰው፣ እሷም ራሷ የማትጥሰው።

በዚህ መሃል የድሮው ድንኳን እየተቀደደ ነው። ሰው ኬብሉን እያቋረጠ ነው፤ 5 በመቶው ደግሞ የሚሰላው ከቴሌቪዥኑ ገቢ እንጂ በዚያው ሽቦ ከሚሸጠው ኢንተርኔት አይደለም። ያው ጉድጓድ፣ ያው አስፋልት፣ ኪራዩ ግን በግማሹ ዕቃ ላይ ብቻ። ኤፍሲሲ በ2019 ኩባንያዎቹ በዓይነት የሚሰጡትንም ጭምር ከ5 በመቶው ላይ እንዲቀንሱ ፈቀደ፤ በ2021 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ስሌቱን አለዘበው እንጂ አልሰረዘውም። አንዳንድ ከተሞች በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳዩትን ኔትፍሊክስንና «ሁሉ» (Hulu) የሚባለውን ኩባንያ ኪራይ ክፈሉ ብለው ከሰሱ፤ በአብዛኛው ተረቱ።

ካውንቲያችን ከኬብል ኩባንያው ጋር ያለውን ውል ሊያድስ የነዋሪ አስተያየት እየሰማ ነው። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። እኔ ተመዝግቤያለሁ። መጀመሪያ የማነሳው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ በሪሞቱ የፕሮግራም ዝርዝር ላይ የሌላው ቻናል ሁሉ ፕሮግራም በስሙ ሲወጣ የእኛ «ፐብሊክ አክሰስ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል። አማርኛ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ መቅዳትም አይቻልም። ይህን ውሉ ውስጥ ማስገባት ካውንቲው ይችላል። በተረፈኝ ደቂቃ የኢንተርኔቱን ገቢ እጠይቃለሁ። የካውንቲው ጠበቃ የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ ከእጃችን ውጭ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ በቃለ ጉባኤው ይስፈርልኝ እላለሁ። በዚህ ካውንቲ የምትኖሩ ብትመጡ ጥሩ ነው። በአማርኛ መናገርም ይቻላል፤ አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁ ቀደም ብሎ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።